የብስክሌት ማርሽ ዕቃዎች፦ የትኛው ከየትኛው ጋር ይሠራል?

ኦብሑር ከጅዳ መሀል ከተማ በስተሰሜን፣ የቀይ ባሕር ውኃ ወደ የብስ ዘልቆ በገባበት ሸርም ግራና ቀኝ የተዘረጋ አካባቢ ነው። መሬቱ ሜዳማ፣ ጎዳናው ረጅም በመሆኑ ለብስክሌት ይመቻል። ማለዳና ምሽት በባሕሩ ዳር ለስፖርት ከሚነዱት ነዋሪዎች ሌላ፣ ብስክሌትን ወደ ሥራ ለመሄድና ለዕለት ጉዳያቸው የሚጠቀሙበት የውጭ ሀገር ሠራተኞችም አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚነዱት ሁለተኛ እጅ የተገዛ ብስክሌት ነው። እንዲህ ያለው ብስክሌት አንድ ክፍሉ ሲሰበር፣ ባለቤቱ በገበያ ያገኘውን ዕቃ ገዝቶ ለመተካት ይገደዳል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የተገዛው ዕቃ ንጹሕና ያልተሰበረ ሆኖ ሳለ ከቀረው የብስክሌቱ ክፍል ጋር ላይስማማ ይችላል። ካቴናው ይንሸራተታል፣ ማርሹ በጠቅታው አይቆምም፣ አልፎ አልፎም የኋላው ጎማ በድንገት ተቆልፎ ነጂውን ይጥላል። ገንዘቡም ይባክናል፤ የተገጠመበትን ዕቃ የሚመልስ ሱቅ ብዙ አይገኝምና። ይህ ጽሑፍ ከተለያዩ አምራቾችና ከተለያዩ የማርሽ ሥርዓቶች የሚመጡ ዕቃዎች መቼ እንደሚገጥሙ፣ መቼ እንደማይገጥሙ፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ ያብራራል።

አምራቾቹና የልዩነቱ መነሻ

በዓለም ገበያ የብስክሌት ማርሽ ሥርዓት በዋናነት የሚያቀርቡት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1921 በጃፓን ሳካይ ከተማ፣ ካምፓኞሎ እ.ኤ.አ. በ1933 በጣሊያን ቪቼንዛ፣ ስራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ቺካጎ ተመሠረቱ። ከእነዚህ ሌላ እንደ ታይዋኑ ማይክሮሺፍት ያሉ አምራቾች በአነስተኛ ዋጋ ተመሳሳይ ዕቃ ያቀርባሉ።

የጣሊያን የብስክሌት ባህል ለአማርኛ ተናጋሪው እንግዳ አይደለም። ካቴና፣ ፔዳል፣ ፍሬን የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከአትሌቲክስ ጎን በብስክሌት ተወዳድራለች። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ቀደም ባለው ዘመን ዕቃ ማዛመድ ቀላል ነበር። የማርሹ ማንሻ ጠቅታ አልነበረውም፤ ነጂው ማንሻውን በጣቱ እየገፋ፣ ካቴናው በትክክል የተቀመጠበትን ቦታ በጆሮውና በእግሩ ስሜት ይፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው ማንሻ ከማንኛውም ዕቃ ጋር ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሺማኖ በዱራ ኤስ ምርቱ ላይ በጠቅታ የሚቆም ማርሽ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የማስተካከሉ ሥራ ከነጂው እጅ ወጥቶ ለመሣሪያው ተሰጠ። መሣሪያው ደግሞ የሚያውቀው አንድ ልክ ብቻ ነው። የዛሬው አለመጣጣም መነሻው ይህ ነው።

የሥርዓቱ ክፍሎች

ከፔዳሉ እስከ ኋላው ጎማ ኃይል የሚያስተላልፉት ክፍሎች ጥቂት ናቸው። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው የፊት ጥርስ፣ ካቴናው፣ በኋላው ጎማ ላይ የተደረደሩት ጥርሶች ማለትም ካሴቱ፣ ካቴናውን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ዲሬለር፣ በመሪው ላይ ያለው የማርሽ ማንሻ፣ እንዲሁም ማንሻውንና ዲሬለሩን የሚያገናኘው ሽቦ ናቸው።

አንድ ብስክሌት «ባለ9 ማርሽ» ወይም «ባለ10 ማርሽ» ሲባል በዚህ ጽሑፍ የኋላው ጥርሶች ቁጥር ማለት ነው። ሻጮች አንዳንዴ የፊቱን በኋላው አባዝተው «27 ማርሽ» ይላሉ፤ ይህም ፊት 3፣ ኋላ 9 ማለት ነው። ዕቃ ለመግዛት የሚጠቅመው ግን የኋላው ቁጥር ነው።

የካቴና ውፍረት

የብስክሌት ካቴና አንጓ ከፒን እስከ ፒን ያለው ርዝመት በሁሉም ዘንድ ለማለት በሚቻል ሁኔታ አንድ ነው፤ 12.7 ሚሊ ሜትር ወይም ግማሽ ኢንች። የሚለያየው ስፋቱ ነው።

ማርሽ በሌላቸው ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ካቴና የውስጥ ስፋቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በባሕር ዳር ጎዳናዎች ላይ ሲነዱ የኖሩት ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌቶች ለዚህ ዓይነቱ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ማርሽ ያላቸው ብስክሌቶች ካቴና የውስጥ ስፋቱ 2.4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጠባቡ ካቴና በወፍራሙ ጥርስ ላይ አይቀመጥም።

የኋላ ጥርሶች ቁጥር ሲጨምር በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ የካቴናውም የውጭ ስፋት አብሮ ይቀንሳል። ግምታዊ ልኩ እንደሚከተለው ነው፦

ባለ6፣ 7 እና 8 ማርሽ፦ 7.1 እስከ 7.3 ሚሊ ሜትር
ባለ9 ማርሽ፦ 6.6 ሚሊ ሜትር
ባለ10 ማርሽ፦ 5.9 ሚሊ ሜትር
ባለ11 ማርሽ፦ 5.5 ሚሊ ሜትር
ባለ12 ማርሽ፦ 5.3 ሚሊ ሜትር

ከዚህ የሚወሰደው መመሪያ ቀላል ነው። ካቴና የሚመረጠው በካሴቱ የጥርስ ቁጥር ነው። በባለ8፣ 9 እና 10 ማርሽ ብስክሌቶች ላይ የሺማኖ ካቴና በስራም ካሴት፣ የስራም ካቴናም በሺማኖ ካሴት ላይ በአብዛኛው ያለ ችግር ይሠራል። ቁጥሩ እኩል ሆኖ የአምራቹ ስም ቢለያይ አያስፈራም፤ ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ቢለያይ ግን ያስፈራል። የባለ8 ካቴና በባለ10 ካሴት ላይ ጎረቤቱን ጥርስ እየነካ ይጮኻል፣ በራሱም ይዘላል።

በባለ12 ማርሽ ይህ ነፃነት ይጠባል። ስራም ለመንገድ ብስክሌት የሚሠራው፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነው ካቴና ለራሱ ሥርዓት ብቻ የተሠራ ነው። በዚህ ደረጃ የአምራቹን መመሪያ መከተል ይበጃል።

የሽቦ ስበት፦ የጉዳዩ እምብርት

ዕቃ ገዝተው ከሚከስሩት ብዙዎቹ የሚከስሩት በዚህ ነጥብ ነው። ማንሻው አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል ሽቦውን በተወሰነ መጠን ይስባል። ዲሬለሩ ደግሞ ያንን ስበት በራሱ ምጣኔ አባዝቶ ካቴናውን ወደ ጎን ያንቀሳቅሳል። ካቴናው የሚሄደው ርቀት በካሴቱ ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። ሒሳቡ ይህ ነው፦ የማንሻው ስበት ሲባዛ በዲሬለሩ ምጣኔ፣ እኩል ይሆናል የጥርሶቹ ርቀት።

በሺማኖ ባለ8 ማርሽ ማንሻው 2.8 ሚሊ ሜትር ይስባል፣ የዲሬለሩ ምጣኔ 1.7 ነው፤ ብዜቱ 4.76 ይሆናል። የጥርሶቹ ርቀት 4.8 ስለሆነ ይገጥማል። በባለ9 ማርሽ ስበቱ ወደ 2.5፣ የጥርሶቹ ርቀት ወደ 4.35 ይወርዳል፤ ዲሬለሩ ግን ምጣኔው ያው 1.7 ነው። በዚህም ምክንያት ከጥቂት የቆዩ ምርቶች በስተቀር የሺማኖ ባለ7፣ 8 እና 9 ማርሽ ዲሬለሮች እርስ በርስ ሊተካኩ ይችላሉ። ከማይገቡት መካከል የቀድሞው የ7400 ተከታታይ ዱራ ኤስ ይገኝበታል።

ስራም በባለ9 ማርሽ የተራራ ብስክሌት ሌላ መንገድ መረጠ። ማንሻው 4.0 ሚሊ ሜትር ይስባል፣ የዲሬለሩ ምጣኔ 1.1 ነው፤ ብዜቱ 4.4 ነው። የመጨረሻው ውጤት ከሺማኖ ጋር አንድ ስለሆነ ካሴቱና ካቴናው ይለዋወጣሉ። ማንሻውና ዲሬለሩ ግን አይለዋወጡም። የስራም ማንሻ ከሺማኖ ዲሬለር ጋር ቢገጠም 4.0 በ1.7 ሲባዛ 6.8 ይሆናል፤ አንድ ጠቅታ ካቴናውን ከአንድ ጥርስ በላይ ይወስደዋል።

ከባለ10 ማርሽ ጀምሮ አንድ አምራች ራሱ ከራሱ ጋር አይስማማም። የሺማኖ ባለ10 የመንገድ ብስክሌት ማንሻ 2.3 ይስባል፤ ዲሬለሩም የቀድሞውን 1.7 ምጣኔ ይዟል። የሺማኖ ባለ10 የተራራ ብስክሌት ማንሻ ግን 3.4 ይስባል፤ የዲሬለሩ ምጣኔ 1.2 ነው። ሁለቱም «ሺማኖ፣ ባለ10» ተብለው ይሸጣሉ፤ የአንዱ ማንሻ ከሌላው ዲሬለር ጋር ግን አይሠራም። በመንገድ ብስክሌት ባለ10 ምርቶች ውስጥም ቲያግራ 4700 የሚባለው የተለየ ነው፤ የእርሱ ስበት 2.7፣ ምጣኔው 1.4 ሆኖ ከባለ11 የመንገድ ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባለ9 ማርሽ የሺማኖ ብስክሌት ያለው ሠራተኛ ዲሬለሩ ተሰበረበት። በሱቅ ያገኘው አዲስና የሚያምር የሺማኖ ባለ10 የተራራ ዲሬለር ነው፤ «ሺማኖ በሺማኖ ነው» ብሎ ገዛው። ማንሻው 2.5 ይስባል፣ አዲሱ ዲሬለር በ1.2 ያባዛል፤ ካቴናው የሚሄደው 3.0 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሚያስፈልገው 4.35 ስለሆነ በእያንዳንዱ ጠቅታ 1.35 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ከሦስት ጠቅታ በኋላ ካቴናው አንድ ሙሉ ጥርስ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህን ጉድለት የትኛውም መካኒክ ሽቦውን በማጥበቅ ሊያስተካክለው አይችልም። ሽቦ ማጥበቅ መነሻውን እንጂ የርምጃውን ርዝመት አይለውጥም።

በአንጻሩ ሒሳቡ የሚፈቅደው ጋብቻም አለ። የሺማኖ ባለ10 የመንገድ ማንሻ ከሺማኖ ባለ9 የተራራ ዲሬለር ጋር ሲገናኝ 2.3 በ1.7 ሲባዛ 3.91 ይሆናል፤ የባለ10 ጥርሶች ርቀት 3.95 ነው። ስለዚህ በመንገድ ብስክሌታቸው ላይ ትልልቅ የኋላ ጥርስ ገጥመው ዳገት መውጣት የሚፈልጉ ሰዎች ይህን ጥምረት ለዓመታት ሲጠቀሙበት ቆይተዋል።

ሺማኖ ራሱ የዚህን ውጥንቅጥ ክብደት በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2023 ኪዩስ የተባለውን ምርት አውጥቷል። በዚህ ሥርዓት ባለ9፣ 10 እና 11 ማርሽ ዕቃዎች በአንድ የጥርስ ርቀትና በአንድ ዓይነት ካቴና ይሠራሉ። ከቀደሙት የሺማኖ ሥርዓቶች ጋር ግን አይቀላቀልም።

ካሴቱ የሚቀመጥበት እምብርት

ካሴት በኋላው ጎማ እምብርት ላይ የሚገባው በጎድጎዶች ተመርቶ ነው። በሺማኖ የተለመደው የእምብርት ቅርጽ ባለ8፣ 9 እና 10 ካሴቶችን ሁሉ ይቀበላል፤ አብዛኞቹ የስራም ካሴቶችም በዚሁ ላይ ይገባሉ። ለባለ11 የመንገድ ካሴት የተሠራው እምብርት በ1.85 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ባለ10 ካሴት በረጅሙ እምብርት ላይ 1.85 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቀለበት ተደግፎ ይገባል፤ ባለ11 የመንገድ ካሴት ግን በአጭሩ እምብርት ላይ አይገባም። ባለ7 ካሴት ደግሞ በባለ8 እምብርት ላይ የ4.5 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይፈልጋል።

ትንሹ ጥርሱ 10 የሆነ ካሴት በዚህ በተለመደው እምብርት ላይ አይቀመጥም። ስራም ለዚህ ኤክስ ዲ የተባለውን፣ ሺማኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮ ስፕላይን የተባለውን እምብርት አውጥተዋል፤ ሁለቱም አይለዋወጡም። ካምፓኞሎም የራሱ የጎድጎድ ቅርጽ አለው።

ርካሽና የቆዩ ብስክሌቶች ላይ ካሴት ሳይሆን በጥርስ የሚጠመዘዝ ፍሪዊል ይገኛል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ጎማውን ሳያወልቁና የመፍቻውን ቦታ ሳያዩ የትኛው እንደሆነ በግምት ወስኖ መግዛት የተለመደ የኪሳራ ምክንያት ነው።

የዲሬለሩ አቅም

ስበቱ ቢገጥምም ዲሬለሩ የሚሸከመው የጥርስ ልዩነት ወሰን አለው። ልኩ የሚገኘው የፊቱን ትልቅ ጥርስ ከፊቱ ትንሽ፣ የኋላውን ትልቅ ከኋላው ትንሽ ቀንሶ ሁለቱን ልዩነቶች በመደመር ነው። ለምሳሌ ፊት 50 እና 34፣ ኋላ ከ11 እስከ 32 ከሆነ 16 ሲደመር 21፣ ድምሩ 37 ይሆናል። ዲሬለሩ ከዚህ ያነሰ አቅም ካለው ካቴናው በአንድ በኩል ይላላል ወይም በሌላ በኩል ከመጠን በላይ ይወጠራል።

ለኦብሑር ሜዳ ትልቅ የኋላ ጥርስ አያስፈልግም። በተራሮች መካከል በምትገኘው መካ ወይም ወደ ጣኢፍ በሚያወጣው ዳገት ለሚነዳ ግን ያስፈልገዋል። ትልቅ ካሴት የሚገዛ ሰው የዲሬለሩን አቅምና የካቴናውን ርዝመት አብሮ ማየት ይገባዋል። ካቴናው በፊቱ ትልቅና በኋላው ትልቅ ጥርስ ላይ፣ በዲሬለሩ ውስጥ ሳያልፍ ተጠምጥሞ ሲለካ፣ ከሚገናኝበት ቦታ በአንድ ጠባብና በአንድ ሰፊ አንጓ መርዘም አለበት።

አለመጣጣም የሚመስል እርጅና

የኦብሑር አየር እርጥብና ጨዋማ ነው፤ አሸዋና አቧራም አይጠፋውም። ጨው ሽቦውንና የሽቦውን መሄጃ ቱቦ ያዝጋል፤ አሸዋ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ካቴናውንና ጥርሶቹን እንደ ሞረድ ይበላል። በዚህ ምክንያት ማርሹ እምቢ ያለ ብስክሌት ሁሉ ዕቃው አልገጠመም ማለት አይደለም።

ካቴና ማለቁን በማስመሪያ መለየት ይቻላል። 12 ሙሉ ኢንች የሚሆኑ 24 አንጓዎች አዲስ ሲሆኑ 304.8 ሚሊ ሜትር ናቸው። ባለ11 እና 12 ካቴና 306.3 ሲደርስ፣ ከዚያ በታች የጥርስ ቁጥር ያለው ደግሞ 307 ሲደርስ መቀየር አለበት። ካቴናው ሳይቀየር ከቆየ ካሴቱንም ይበላል። በተበላ ካሴት ላይ አዲስ ካቴና ሲገጠም በኃይል ሲረገጥ ይዘላል። ባለቤቱ «የተሳሳተ ካቴና ሸጡልኝ» ብሎ ያማርራል፤ ጥፋቱ ግን የአሮጌው ጥርስ ነው።

ስለዚህ ዲሬለር ወይም ማንሻ ከመግዛት በፊት በቅደም ተከተል የሚታዩ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ ሽቦውና ቱቦው ዝገት እንዳለባቸው ይታያል፤ ይህ ከሁሉ ርካሹ ጥገና ነው። ቀጥሎ ዲሬለሩ የተንጠለጠለበት ብረት ብስክሌቱ ወድቆ መጣመም አለመጣመሙ ከኋላ ሆኖ ይመረመራል። ከዚያ ካቴናው ይለካል፣ የካሴቱ ጥርሶች ይታያሉ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ማርሹ ካልሠራ ነው የዕቃዎቹ አለመስማማት የሚጠረጠረው።

አዲስ ዲሬለር ከተገጠመ በኋላ ወሰን የሚያበጁት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች መስተካከላቸውን ሳያረጋግጡ ወደ መንገድ መውጣት አይገባም። በውስጥ በኩል ያለው ወሰን ከላላ ዲሬለሩ ከትልቁ ጥርስ አልፎ በጎማው ሽቦዎች ውስጥ ይገባል። ጎማው ይቆለፋል፤ መኪና በሚበዛበት ጎዳና ላይ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ብስክሌቱን ከመሬት አንሥቶ ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ ሁሉንም ማርሽ ወደ ላይና ወደ ታች መሞከር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ከመግዛት በፊት

ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው የተሰበረውን ዕቃ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። በሺማኖ ዕቃዎች ላይ የላቲን ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የሞዴል መለያ ብዙውን ጊዜ በጀርባቸው ተቀርጾ ይገኛል፤ ይህ መለያ ከሻጩ ቃል ይልቅ ይታመናል። በሳዑዲ ዓረቢያ ሱቆች ብስክሌት «ሴክል» ወይም «ደራጃ»፣ ካቴና ደግሞ «ጅንዚር» ወይም «ሲልሲላ» ይባላል። የኋላውን የጥርስ ቁጥር፣ የማንሻውን መለያና የዲሬለሩን መለያ በወረቀት ጽፎ ወይም በስልክ ፎቶ አንሥቶ መያዝ ከቋንቋ ችግር ያድናል።

ለማጠቃለል፣ ካቴና በኋላው ጥርስ ቁጥር ይመረጣል። ካሴት በእምብርቱ ቅርጽና በጥርሶቹ ቁጥር ይመረጣል። ማንሻና ዲሬለር ግን እንደ ጥንድ በሬ ናቸው፤ ስበታቸውና ምጣኔያቸው ካልተጣጣመ በአንድ ቀንበር አያርሱም። ከሁለቱ አንዱ ተሰብሮ ተመሳሳዩ ካልተገኘ ሁለቱንም በአንድነት መቀየር፣ ወይም ጠቅታ የሌለውን የቀድሞውን ማንሻ መግጠም፣ የማይሠራ ዕቃ ደጋግሞ ከመግዛት ያነሰ ወጪ ያስወጣል።